የመሪው ልክ

የቦቢናው ክር ባያልቅ ኖሮ አትሰማም ነበር። እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታ የስፌት መኪናው ጸጥ ሲል፣ ከግድግዳው ወዲያ ከሳሎኑ የታላቅ ወንድሟ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «ሠላሳ ሦስት ሳንቲው ይገዛላቸው። ትንሽ መሪ ነው፣ ይከብዳቸዋል። አንዴ ይነዱታል፣ ሁለቴ ይነዱታል፣ በሦስተኛው ራሳቸው ቁልፉን አምጥተው ይሰጡናል። ማንም ክፉ ሳይናገራቸው።» ሚስቱ ሻይዋን እያማሰለች «እሱስ ይሻላል» አለች፤ ስለ መጋረጃ ቀለም የተጠየቀች ነበር የምትመስለው። ግቢው ውስጥ አባትየው እንደ ልማዳቸው መኪናቸውን ያጥቡ ነበር። የውኃው ድምፅ ድንገት ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ውኃው ሄዶ ይሆናል አለች በልቧ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መንሿሿት ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እንኳን አልሰሙ ብላ ቦቢናውን መሙላት ያዘች፤ ክሩ ግን ሦስት ጊዜ ተበጠሰባት።

ወንድሟ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አባርሮ አያውቅም፤ ይህንንም እንግዳ በመጣ ቁጥር በኩራት ያወራዋል። እንዲለቅ የተፈለገ ሠራተኛ ሲኖር ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ሥር ያነሳና ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያደርግለታል። ከዚያ ደህናውን ወንበር በሚንገጫገጭ ይለውጥበታል። ከዚያ ስልኩን ይወስድበታል። ሰውየው ሁለት ወር ሳይሞላው ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ ይመጣል፤ ወንድሟም ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ በሰላም ያሰናብተዋል። ደግ አለቃ ይባላል። እነሆ ዛሬ ተራው የገዛ አባቱ ሆነ፤ አባቱ ጠረጴዛ ስለሌላቸው መሪያቸው ተነካ።

መሪው መለወጥ እንዳለበትስ የታወቀ ነው። ከመኪናዋ ጋር አብሮ ያረጀ፣ ፀሐይ የሰነጣጠቀው መሪ ነው፤ ከስንጥቁ ውስጥ ብረቱ ብቅ ብሏል። አባትየው ጥቁር ፕላስተር ጠቅልለውበት ነበር፤ ባለፈው ሐሙስ ግን ፕላስተሩ ተልጦ መዳፋቸውን ቆረጣቸው፣ ሳያውቁትም በዚያው እጃቸው አንድ የነርስ ነጭ ጋውን አንስተው ለደንበኛ ሰጡ። ደሙን ለማስለቀቅ ልብስ ሰፊዋ ሁለት ቀን ፈጀባት። ሐሙስ ሐሙስ የሰፋችውን ዩኒፎርም የሚያደርሱላት እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው፣ ዛሬ የቀራቸው ይህች አሮጌ መኪና፣ ያቺ ሐሙስና የሐሙሷ የተተኮሰች ሸሚዝ ናት። ሐሙስ ከተነሳባቸው በር ላይ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚ መቁጠር ነው የሚተርፋቸው፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ ወንድሟም ያውቃል። ለእውነት ከሆነም ወንድሟ ያለ ምክንያት አልፈራም። የአባታቸው ግራ ትከሻ ከዓመት ወዲህ አልታዘዝ ብሏል። ባለፈው ወር የግቢውን በር ምሰሶ ላጥ አድርገውታል፤ ማንም ምንም ሳይል በማግስቱ ቀለም ተቀባ። በዚያ ቤት ነገር የሚያልቀው እንደዚያ ነው፣ ተቀብቶ።

ከቁርስ በኋላ ወንድሟ እጁ ላይ ሰዓቱን እያሰረ ወደ ክፍሏ ብቅ አለ። ገንዘብ ያለበት ፖስታ ሰጣት፣ ከፖስታው ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት። «ዛሬ ከአባባ ጋር ሂዱና መሪውን አስለውጡ። ልኩን ጽፌዋለሁ፤ ነጋዴ እንዳያታልላችሁ ሌላ ነገር አትቀበሉ።» ወረቀቱ ላይ በዚያ በሚታወቅ በተስተካከለ የቢሮ ጽሕፈቱ «33» ተብሎ ተጽፏል። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች። ምነው ይህን ታደርጋለህ ልትለው አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን የተቀመጠችበት ክፍል ላይ አረፈ። ክፍሉ የሱ ነው። መብራቱ የሱ ነው። ከባሏ ተለያይታ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ በመጣች ጊዜ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ያስገባት እሱ ነው፤ አለመጠየቁንም እስከ ዛሬ ስታመሰግነው ኖራለች። «እሺ» አለች። እሺ ማለቷ ራሷን አናደዳት።

ልክ የሚባል ነገር ከመጣ ግን ለሷ ሥራዋ ነው፤ የወንድሟን ወረቀት አላመነችውም። አባቷ ሸሚዝ ሊቀይሩ ሲገቡ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወደ መኪናዋ ሄደች። መሪውን እንደ ማንኛውም ደንበኛ ለካችው፣ ሜትሩን ዙሪያውን አዙራ፣ ጫፉን ከጫፍ አገናኝታ፣ አንድ ጣት እንኳን ሳታላላ። መቶ አሥራ ዘጠኝ። ወረቀቱ ሠላሳ ሦስት ይላል። ይኼ ሰው አባቱን በአሻንጉሊት መሪ ሊያስነዳ ነው እንዴ ብላ ደሟ ፈላ፤ ቁጥሩንም በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈችው። አባቷ የሐሙሷን ሸሚዝ ለብሰው ወጡ። ቀኑ ግን ማክሰኞ ነበር።

መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም ማለት ይቻላል። አባቷ አንዴ ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ አንዴ መሀል መንገድ ላይ ስለቆመ አውቶቡስ አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረጉ። እሷ በመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ ልንገራቸው አለች፤ አረንጓዴው በራ። በሁለተኛው መብራት ላይ ልንገራቸው አለች፤ እንዴት ብላ እንደምትጀምር ስታሰላስል አለፉት። ልጅዎ እንዲህ አስቦልዎታል ይባላል? ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ፤ ይህን የተናገረ ሰው በዚያች መኪና የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የሷ ዝምታ ገና ረፋዱ ላይ ሲነቅዝ ይሰማት ነበር። ፕላስተር በተጠቀለለበት መሪ ላይ የአባቷ እጆች ተዝናንተው ተቀምጠዋል፤ ትልቁ መሪ በዝግታ፣ ያለ ድካም፣ በቀኝ እጃቸው መዳፍ ብቻ ይሽከረከርላቸዋል። ሁለቱም እጆቻቸው ደህና የሆኑ ሰው ይመስሉ ነበር።

የመለዋወጫ ሱቁ ጠባብ ነው። በግራ ግድግዳ ላይ መሪዎች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለዋል፤ ቀይ ስፌት ያለው፣ እንጨት የሚመስል፣ ከሥሩ ጠፍጠፍ ያለ። ከመደርደሪያው በላይ በካርቶን ላይ «የተገጠመ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ነጋዴው ሆዱ ከባንኮኒው ጋር የሚጣላ፣ ዓይኑ ግን የሚስቅ ሰው ነው። ለአባቷ የጎማ ክምር ላይ ካርቶን አንጥፎ መቀመጫ ሰጣቸውና ወደ እሷ ዞረ።

«ስንት ሳንቲ ልስጥሽ እህቴ?»

ልብስ ሰፊዋ መዳፏን አየት አድርጋ «አሁን ያለው መቶ አሥራ ዘጠኝ ነው» አለች ኮራ ብላ።

«መቶ አሥራ ዘጠኝ?» አለ ነጋዴው። አንገቱን አስግጎ በበሩ ወደ ውጪ ተመለከተ። «መርከብ ነው እንዴ ይዛችሁ የመጣችሁት?» ከዚያ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ሲያይ ገባው። «ዙሪያውን ነው የለካሽው? መሪ እኮ እንደ ወገብ አይለካም። በመሀሉ አቋርጠሽ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው።» አባቷ ከጎማዎቹ ላይ ሆነው ሳቁ፤ በዚያን ቀን የሳቁት ያችን ብቻ ነው። ወጥተው አብረው ለኩት። ሠላሳ ስምንት ሆነ። ወረቀቱ ሠላሳ ሦስት ይላል። ልዩነቱ አምስት ሳንቲ ብቻ ሆኖ ሲገኝ ልብስ ሰፊዋ ለአፍታ እፎይ አለች። አምስት ሳንቲ ምን ያህል ነው? የአንድ ቀሚስ ጠርዝ እጥፋት ነው። ምናልባት ወንድሜን ያለ ነገሩ አምቼው ይሆን አለች።

ነጋዴው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበረና ሳይጠየቅ ማስረዳት ጀመረ። ይህች መኪና መሪ የሚያግዝ ሀይድሮሊክ የላትም፤ የሚያዞራት ክንድ ነው። መሪው በሰፋ ቁጥር ለክንድ ይቀላል፣ በጠበበ ቁጥር ይከብዳል። ሠላሳ ሦስቱ ለጎረምሳ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ቆሞ ሲያዞሩት ግን ጉልበት ይጨርሳል፤ ደግሞም የፍጥነቱን ቁጥር ይሸፍነዋል፣ ከላይም አይታይ ከመሀልም አይታይ። ሠላሳ አምስቱ ለጤነኛ ሰው ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ግን አሁን ያለው ሠላሳ ስምንት ነው የሚሻላት፤ እሱም አንድ ብቻ ቀርቶታል፣ ትልቅ መሪ ማንም ስለማይፈልግ አቧራ ጠጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ዋጋውንም በሦስት ሺህ ይተውላቸዋል። ሠላሳ ሦስቱ አራት ሺህ ተኩል ነው። ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ገባት፤ ከማንም በላይ ገባት። የስፌት መኪናዋ የእጅ ጎማ ተሰብሮ ትንሽ የተገጠመላት ጊዜ ወፍራም ጨርቅ መብሳት አቅቷት ሳምንት ሙሉ ክንዷን ስታሽ ሰንብታለች። አምስት ሳንቲ የቀሚስ ጠርዝ አይደለም። ወንድሟም ይህን ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ አውቆ ነው የጻፈው።

ትልቁ ረክሶ ትንሹ ተወዷል። በዋጋ አሳብባ እንኳን ልትሸሽበት የምትችልበት ቀዳዳ አልነበረም፤ ይልቁንም ሁሉ ነገር ተናገሪ ተናገሪ ይላት ነበር። አባቷ የጎማው ክምር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈዋል።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አሏት።

«ሠላሳ ሦስት።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ያለውን አቧራማ መሪ አየች፣ የወንድሟን ጽሕፈት አየች፤ ክፍሏ፣ መብራቱ፣ ያልተጠየቀችው ጥያቄ ሁሉ ተራ በተራ መጣባት። ትልቁን እንውሰድ ብትል ወንድምሽ ለምን ትንሹን መረጠ ይሏታል። ያንን መመለስ አትችልም፤ መዋሸትም አትችልም። «እሱ ነው አጥንቶ የጻፈው» አለች ወለሉን እያየች።

«እንግዲያው እሱን ግጠምልኝ ልጄ» አሉ አባቷ ለነጋዴው።

«አባባ፣ ይከብድዎታል እኮ» አለ ነጋዴው።

«ልጆቼ መርጠውልኛል። ልጆቼ ክፉ አይመርጡልኝም።»

ነጋዴው የሷን ፊት ቢያይ ኖሮ ምናልባት ይተወው ነበር፤ እሱ ግን ትከሻውን ሰብቆ መሪውን ከግድግዳ አወረደና መፍቻ ይዞ ወጣ። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። አሮጌውን መሪ የያዘውን ብሎን ፈታ፣ ነቀለው፣ ዘንጉ ላይ አዲስ ማገናኛ አስገባ፣ ጥርሱ እስኪገጥም አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አዟዟረው፣ የክላክሱን ገመድ ቀጠለ። ባለ ቀይ ስፌቱ ትንሽ መሪ በአሮጌዋ መኪና ውስጥ ሲታይ የልጅ ልጅ ኮፍያ ያጠለቀ ሽማግሌ ይመስል ነበር። አባቷ ገብተው ተቀመጡ። የፍጥነቱን ቁጥር ለማየት አንገታቸውን ዘርጋ አደረጉ፣ ዝቅ አደረጉ፣ ተዉት። ልብስ ሰፊዋ አሮጌውን መሪ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ከቆሙበት መውጣት ራሱ መከራ ሆነ። መኪናዋ ቆማ ጎማው አልዞር ብሎ አባቷ በሁለት እጃቸው ጎተቱት፤ ግራ እጃቸው ከመሪው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ደግመው አነሱት። ከኋላ አንዱ ክላክስ አስጮኸባቸው። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ያች ጠዋት የተተኮሰች ሸሚዝ። መሪውን ያዞሩታል አይባል፣ ይታገሉት ነበር። አደባባዩን ዙረው መውጣት ስላልሆነላቸው ሁለተኛ ዞሩት። ሁለተኛውን ሲዞሩ ልብስ ሰፊዋ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አባባ፣ እንዲከብድዎት ተብሎ ነው የተገዛው» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ጠዋት ሰምቻለሁ። መንዳት እንዲተዉ ነው። ሊነግሩዎት ፈርተው ነው።»

አባቷ መንገዱን እንጂ እሷን አላዩም። መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙ፣ ግንባራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«መስኮቱ ሥር ነበርኩ» አሉ። «ቧንቧውን ዘግቼ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ገዙት?»

«አንቺ ትነግሪኝ እንደሆነ ብዬ። ጠየቅሁሽ እኮ። ሱቁ ውስጥ ብትነግሪኝ ትልቁን እንገዛ ነበር።»

እሷ ጭኗ ላይ ያለውን መሪ ፕላስተር በጥፍሯ ትልጥ ጀመር። አባቷ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይቀላት ነበር። «ደክሜያለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ ቀጥለው። «ምሰሶውን የገጨሁት እኔ ነኝ፣ ቀለም መቀባቱንም አይቻለሁ። አባባ ደክመዋል፣ ይብቃዎት ብትሉኝ አልቆጣም ነበር። እቆጣ ይሆናል። ግን የምቆጣው አንድ ቀን ነው። በአንቱታ ታከብሩኛላችሁ፣ በዚያው በአንቱታ ትደብቁኛላችሁ። እኔ ምናችሁ ነኝ?» ማርሽ አስገቡና ተነሱ።

ቤት ሲደርሱ ወንድሟ ምሳውን ጨርሶ ወደ ቢሮ ሊመለስ፣ መኪናውን አስነስቶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። የግቢው በር ጠባብ ነው፣ መንገዱም ጠባብ ነው፤ ለመግባት በአንድ ጊዜ መሪውን እስከ መጨረሻው መጠምዘዝ ይፈልጋል። አባቷ በአሮጌው መሪ ዓይናቸውን ጨፍነው ይገቡበት ነበር። አሁን ጎተቱ፣ ጎተቱ፣ መኪናዋ በግማሹ ዞራ አፍንጫዋ ምሰሶው ሥር፣ ጅራቷ መንገዱ ላይ ሆና ቀረች። ወደ ኋላ አሉ፣ ወደ ፊት አሉ፣ ባሰባት። ከዚያ ሞተሩን አጠፉ። በሩን ከፍተው፣ ቀስ ብለው፣ ግራ ክንዳቸውን በቀኛቸው ደግፈው ወረዱ።

«እስቲ አንተ አስገባት» አሉት ልጃቸውን።

ወንድሟ ሰዓቱን አየ፤ ከመኪናው ወረደ። «ችግር የለም አባባ፣ እርስዎ ይረፉ» ብሎ ኮቱን አውልቆ ለእህቱ ሰጣትና ገባ። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትከሻው ደህና ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታል። ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ጠመዘዘው። መሪው ፈቀቅ አለና ቆመ። በሁለት እጁ ያዘው። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ጎማው ጠጠሩ ላይ ሲጮህ ሁለት ጣት ያህል ዞረ። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ደግሞ ወደ ኋላ። አባትየው በር ላይ ቆመው እንደ ድሮው የመኪና ረዳት በእጃቸው ያመላክቱታል፤ «ወደ ግራ። አሁንም ወደ ግራ። ጎበዝ፣ ሙላው።» ከመንገዱ በኩል የጎረቤት መኪና መጥቶ ቆመ፣ ከዚያ ሌላ። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ አየችና መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው። በአምስተኛው ሙከራ ወንድሟ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ የቀላውን መዳፉን አየ።

«ኧረ በዚህ ማን ሊነዳ ነው?» አለ።

አፉ ላይ ያለውን ቃል ራሱ ሰማው። ልብስ ሰፊዋ በአንድ ክንዷ ኮቱን፣ በሌላው አሮጌውን መሪ እንደያዘች ቆማለች፤ የወረቀቱ ቁራጭ በእጇ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ዘረጋችለት። የራሱን ጽሕፈት አየ። ከዚያ አባቱን አየ። አባቱም እሱን እያዩት ነበር፤ ቧንቧውን የዘጉት ጠዋት ቢሆንም ገና አሁን የሰሙት ይመስል ነበር ፊታቸው።

«አባባ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ...» ብሎ ጀመረና አቆመ።

«ቁልፉ እዚያው እጅህ ላይ ነው» አሉት። «በሦስተኛው ያመጡታል ብለህ ነበር። እኔ በመጀመሪያው አመጣሁልህ።» ከዚያ ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። «ሐሙስ ስንት ዩኒፎርም አለሽ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ታክሲ ፈልጊለት።»

ልብስ ሰፊዋ ኮቱን የመኪናዋ ኮፈን ላይ ወርውራ ተከተለቻቸው። በመኪናዋና በምሰሶው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ሲያልፉ ክንዳቸውን ያዘች። «አባባ፣ ነገ ወስጄ እመልሰዋለሁ። ትልቁን አመጣለሁ። አንድ ቀርቶታል እኮ፣ ሰውየው ይተውልናል» አለች።

አባቷ እጇን መታ መታ አደረጉላት፤ አልተቆጡም።

«የተገጠመ አይመለስም ይላል» አሉ። «አላነበብሽውም?»